መንፊያው ያለው ከኋላ ነው

በዚያ ዓመት፣ በሰባ ሰባት፣ ከጎንደር ወዲያና ወዲህ ያለው አገር በእግሩ ወደ ሱዳን ይጎርፍ ነበር። መንገድ የወጣ ሁሉ መድረሻ ነበረው፤ እህል ያለበት። በገዳሪፍ ከተማ ግን በየአርቡ ማለዳ በብስክሌት ከቤቱ ወጥቶ፣ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ነድቶ፣ አንዳች ነገር ሳይዝ እዚያው ቤቱ የሚመለስ አንድ ሰው ነበር። አየነው ይባላል።

አየነው ስድሳን ሊደፍን ጥቂት የቀረው ጆንያ ሰፊ ነው። በጎልማሳነቱ ከመተማ ተሻግሮ በገዳሪፍ ዙሪያ ወዳለው የቁረይሻ እርሻ የመጣው ለአንድ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ነበር፤ ያ አጨዳ እስካሁን አላለቀም። ብስክሌቷን የሰጠው ሙዘይን የሚባል የሰሊጥ ነጋዴ ነው። ሙዘይን መኪና የገዛ ዕለት ጠራውና፣ "ያ አየነው፣ ይችን አጀላ ውሰዳት፤ እኔ ከእንግዲህ ልወፍር ነው" አለው። ጥቁር የቻይና ብስክሌት ናት። ክብደቷ የጥጃ፣ ደወሏ የደብር።

"ሰው ከሞት ሸሽቶ በእግሩ ይመጣል" ትለዋለች ሚስቱ ውዴ፣ "አንተ ከምሳ ሸሽተህ በጎማ ትሄዳለህ።"

"ለጤናዬ ነው።"

"አንተን ደግሞ መቼ አሞህ ያውቃል?"

"ስለምነዳ ነዋ።"

ውዴ ይህን ስትሰማ የበለጠ ትናደዳለች። "ሽጣት" ትላለች። "ሽጣትና እንደ ሰው ተቀመጥ።"

እሱ ግን አይቀመጥም። ችግሩ መንዳቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ትልቁ ችግር አብረውት የሚነዱት ነበሩ። አርብ በገዳሪፍ ሥራ የለም፤ ጁምዓ ነው። ሊነጋጋ ሲል ወደ ከሰላ የሚወስደው አስፋልት አፍ ላይ ሦስት ጎረምሶች ይሰበሰባሉ። አለቃቸው አባይ ነው። አስመራ ተወልዶ፣ አስመራ ጎማ ላይ አድጎ፣ በልጅነቱ እዚያ ሲወዳደር ኖሮ በከሰላ በኩል የተሰደደ ልጅ ነው፤ ባቱ ላይ ያለው ሥር ገመድ ይመስላል። ሁለተኛው ታምሬ ነው፣ የጎንደር ልጅ። ከሁሉም እሱ ይፈጥናል፤ ከእሱ ደግሞ አፉ ይፈጥናል። ሦስተኛው ያዕቁብ የባለሱቅ ልጅ ነው፤ ገዳሪፍ ስለተወለደ ነገሩን በአማርኛ ይጀምርና በዐረብኛ ይጨርሰዋል። ሦስቱም የሚነዱት አባይ ከየቦታው አጥንት ለቅሞ የገጣጠማቸውን፣ መሪያቸው እንደ በግ ቀንድ የተጠመዘዘ ቀጫጭን ብስክሌቶች ነው።

አየነው አንድ ቀን ጠጋ ብሎ፣ "ልከተላችሁ?" አላቸው። ሽማግሌን እምቢ የሚል አፍ ከሦስቱም አልተገኘም። እንዲያ ሆኖ ገባ።

ገብቶም አልቀረ፣ ጠቀማቸው። ቀጫጭኖቹ ብስክሌቶች ዕቃ መጫኛ የላቸውም። የእሱ ግን የኋላ መጫኛዋ ጠቦት በግ ታስተኛለች። ስለዚህ ጎማ መንፊያው፣ ማስቲሹ፣ ለልጣፊ የሚሆነው ቁራጭ ጎማ፣ የውሃው ጀሪካንና ዳቦው እሱ ዘንድ ተጫነ። ታምሬ "ጋራዡ" የሚል ስም አወጣለት፤ ፊት ለፊት ግን "ጋሼ" ይለዋል።

ከኅዳር እስከ የካቲት በዚያ አገር የሚነፍሰው ነፋስ የሰሜን ነው። ወደ ከሰላ ሲነዱ ፊትን ነው የሚመታው፤ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል። ልጆቹ ለዚህ መላ ነበራቸው። አንዱ ከፊት ሆኖ ነፋሱን ይሰብራል፣ የቀሩት ከጀርባው ይጠለላሉ። የደከመው ክርኑን ወዝወዝ ያደርግና ዞር ይላል፣ ቀጣዩ ይተካል። ይህን ለአየነው ያስረዳው የለም። ለእነሱ ይህን ማስረዳት ትንፋሽ እንዴት እንደሚወሰድ እንደ ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያው አርብ አባይ ከፊቱ ሆኖ ክርኑን ወዝወዝ ሲያደርግ አየነው የገባው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይቅደሙ እያለኝ ነው። ደስ አለው። ይህ ልጅ የሰው ልጅ ነው፣ አሳድገውታል አለ በልቡ። በደንቡ ሽማግሌ ቅደም ሲባል አንድ ሁለቴ እምቢ ብሎ በሦስተኛው ነው እሺ የሚለው፤ አስፋልት ላይ ግን ለዚያ የሚሆን ጊዜ የለም፣ በመጀመሪያው እሺ ብሎ ቀደመ። ከቀደመ በኋላ ደግሞ ከፊት አልወርድም አለ። የተሰጠን የክብር ወንበር ተነሱ ሳይባሉ ትቶ መነሳት ሰጪውን መናቅ ነው።

እንዲያ ሆኖ በየአርቡ ደረቱን ለነፋስ ሰጥቶ፣ ዓይኑ እያለቀሰ ይመራቸዋል። ሦስቱ ጎረምሶች ከሰፊ ጀርባው ተጠልለው ወሬ ይጠርቃሉ። "ጋሼ፣ ዞር ይበሉ" ማለት ለሦስቱም ከበዳቸው። ዝግታው ሲብስባቸው ግን "ይቅርታ ጋሼ" ይሉና እንደ ተወረወረ ጦር ጥለውት ይሄዳሉ። አየነው ከነፋሱ ጋር ለብቻው ይቀራል፤ ያን ጊዜ አቅሙን ጨርሷል።

የሚመለሱት ኡምሰልማ የምትባል ሻይ ሻጭ ከመንገዱ ዳር ካቆመችው የሣር ዳስ ነው። ልጆቹ እዚያ ተጋድመው ይጠብቁታል።

"ጋሼ፣ በሰላም ደረሱ?" ይላል ታምሬ። "ሻዩ ለእርስዎ ሁለተኛ ተፈላ።"

"ነፋሱ ነው።"

"ነፋሱን እኛም እናውቀዋለን እኮ።"

"እናንተን በጎን ነው፤ እኔን በፊት ነው።"

ሦስቱም ይስቃሉ። እውነት መናገሩን ግን አንዳቸውም አልተረዱለትም፤ እሱም ራሱ አልተረዳውም።

በታኅሣሥ የውዴ አክስት ከበለሳ መጣች። እናኑ ትባላለች። ከመንደሯ ሰው ጋር በእግሯ ተነስታ፣ በመተማ ተሻግራ፣ ዶካ ከተማ ስትደርስ ሰዎች በጭነት መኪና አሳፍረው ለውዴ ላኩላት። ከለበሰችው ነጠላ እሷ ትቀላለች። ክፉ አትናገር፣ ደግ አትናገር። ምግብ ሲቀርብ ሁለት ጊዜ ጎረስ አድርጋ ሳህኑን ገፋ ታደርጋለች፤ "በቃኝ" ነው። ውዴ ሽሮውን ብታቀጥነው፣ ብታወፍረው፣ ፉሉን በሰሊጥ ዘይት ብታስጥመው፣ ያችው ሁለት ጉርሻ ናት።

ከመጣች በመጀመሪያው አርብ አየነው ብስክሌቷን በእጁ እየገፋ፣ ደወሏ እንዳይጮህ ይዞ፣ በግድግዳው ጥግ ሹልክ ሲል አሮጊቷ ከደጅ ተቀምጣ ኖሯል።

"ወዴት ነህ?" አለች። ከመጣች ከ"በቃኝ" ሌላ ቃል የተናገረችው ገና ያን ጊዜ ነው።

"ወደ ከሰላ መንገድ፣ እማማ።"

"ምን ልታመጣ?"

አየነው አሰበ። "ምንም።"

"ማን አለህ እዚያ?"

"ማንም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እመለሳለሁ።"

እናኑ እሱን አየች፣ ጎማውን አየች፣ መጫኛው ላይ ያለውን ዳቦና ጀሪካን አየች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ውዴ ጣዕር የያዛት መስሏት ከጓዳ ሮጣ ወጣች። አሮጊቷ እየሳቀች ነበር።

"ውዴ፣ ይህ ባልሽ" አለች እንባዋን እየጠረገች፣ "ለመመለስ ነው አሉ የሚሄድ።"

ከቀትር በኋላ ሲመለስ እዚያው ተቀምጣ አገኛት።

"ደረስክ?"

"ደረስኩ።"

"ከሰው ስንተኛ?"

አየነው ሊዋሽ አሰበና ጉልበቱ አልፈቀደለትም። "መጨረሻ።"

"ጠበቁህ?"

"ጠበቁኝ።"

"ሳይበሉ?"

"ዳቦው እኔ ዘንድ ነው፤ ምን ይብሉ?"

እናኑ ዳግመኛ ሳቀች፤ እየሳቀች የቀረበላትን ፉል ጨረሰች። ውዴ ባዶውን ሳህን አንስታ ከታችም ከላይም አየችው።

ከዚያ ወዲያ የአርብ ሥርዓት ተገለበጠ። አየነውን ጎህ ሳይቀድ የምትቀሰቅሰው ውዴ ሆነች። ዳቦውን የምትቋጥረው እሷ፣ "ዛሬ አትሄድም እንዴ?" የምትል እሷ። ሲመለስ ያው ጥያቄ ይመጣል፤ ደረስክ፣ ስንተኛ፣ ጠበቁህ። እሱ ይመልሳል፣ አሮጊቷ ትስቃለች፣ ትበላለች። ከአርብ የተረፈው ሳቅ እስከ ሰኞ ያበላታል። ሰው ለዋንጫ ይነዳል፤ አየነው ለአክስት ምሳ ይነዳ ጀመር።

ነገር ግን ሰው ነውና መጨረሻ መውጣት ይሰለቻል። በየካቲት አንድ አርብ ነፋሱ እንደ ባለዕዳ አንገቱን ይዞ ሲያንገላታው ዋለና ሲመለስ ብስክሌቷን ግድግዳ ላይ ጣላት።

"በቃኝ" አለ። "ለውሃ አመላላሽ እሰጣታለሁ። ሽማግሌን ከጎረምሳ ምን አጋፋው?"

"አታደርገውም" አለች ውዴ።

"አንቺ አይደለሽ እንዴ ሽጣት ስትይኝ የኖርሽው?"

"ያን ጊዜ አክስቴ አልመጣችም።"

"እና መጨረሻ እየወጣሁ ልሙት?"

"አትሞትም። መጨረሻ ውጣና ና።"

እናኑ ሁለቱንም ሰምታለች። "እስቲ ና ተቀመጥ" አለችው። "ከመነሻው ንገረኝ። ስትነሱ ማን ነው ከፊት?"

"እኔ ነኛ" አለ አየነው፣ ትንሽ ቀና ብሎ። "ያከብሩኛል። ዕድሜዬን አይተው ያስቀድሙኛል።"

"ነፋሱስ?"

"እሱማ ከፊት ነው።"

"እኛ ስንመጣ አቧራው ከፊት ሲነሳ ማንን እናስቀድም ነበር መሰለህ?"

"ሽማግሌ ይሆናላ።"

"አህያ" አለች እናኑ።

ውዴ ፊቷን ወደ ጓዳ አዞረች። አየነው ጢሙን ዳሰሰ።

"አህያዋ ስትሞት ጎረምሶቹ በየተራ ቀደሙ" አለች አሮጊቷ። "ሽማግሌ፣ ልጀ፣ ከሰው ጀርባ ነው የሚሄድ። ያን ጊዜ እንግዲህ ከፊት ያለው ወደ ኋላ ዞር እያለ ማየት ነው።" ይህን ብላ ሳህኗን አንስታ ራሷ ወደ ጓዳ ወሰደችው፤ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

በሚቀጥለው አርብ አባይ እንደ ልማዱ ክርኑን ወዝወዝ አደረገ።

"አልቀድምም" አለ አየነው ከኋላው።

አባይ ዞሮ አየው። "ምን አጠፋን ጋሼ?"

"ምንም። እናንተ ቅደሙ።"

"እርስዎ እያሉ?"

"እኔ እያለሁ።"

"ኧረ በእግዜር ይለፉ" አለ ታምሬ ፍጥነቱን እየቀነሰ።

"አላልፍም ብያለሁ።"

አባይ ቀነሰ፣ አየነውም ላለማለፍ ቀነሰ፣ ታምሬ ከእነሱም ይበልጥ ቀነሰ። ሦስቱ ሲገባበዙ ከፍጥነት ወደ እርምጃ፣ ከእርምጃ ወደ መቆም ደረሱ። ያዕቁብ ከኋላ አቀርቅሮ ሲነዳ ኖሮ ታምሬ ላይ ወጣበት፣ ታምሬ አባይን ያዘ፣ አባይ አየነውን ያዘ፣ አራቱም ከአስፋልቱ ዳር ደረቅ ሣር ላይ ተነጠፉ። ከወዲያ ማዶ የቆመች ግመል ማመንዠኳን አቁማ አየቻቸው።

"ያ ዐም አየነው" አለ ያዕቁብ፣ ጋሼ ማለቱ ነው፣ ሣር ከአፉ እየተፋ፣ "ወላሂ እኛ እኮ ተራ ነው የምንል።"

አባይ መሬት ላይ እንደተቀመጠ የክርኑን ነገር አስረዳው። ክርን ማለት ደክሞኛል፣ ጥቂት ቀድመህ ስበርልን፣ ከዚያ አንተም ወደ ኋላ ተመለስ ማለት ነው።

አየነው ሱሪውን እያራገፈ አዳመጠ። "እና እስከዛሬ?"

"እስከዛሬ..." አለ አባይ፣ "ዞር ይበሉ ማለት አፈርን።"

"ጀርባዎ ደግሞ ሰፊ ነው" አለ ታምሬ። "ነፋስ አያስገባም።"

ያን ቀን አየነው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጀርባ ነዳ። ከሰው ጀርባ ነፋስ የለም፤ የራሱን ትንፋሽ ሰማ፣ የሰንሰለቷን ድምፅ ሰማ፣ ብስክሌቷ ይህን ያህል እንደምታቃስት እስከዛሬ አያውቅም ነበር። ኡምሰልማ ዘንድ ከልጆቹ እኩል ደረሰ። ሴትዮዋ ከእነሱ ጋር ሲደርስ አይታ ስለማታውቅ፣ "ኢንተ ሚኑ?" አለችው፤ አንተ ደግሞ ማነህ?

ይህ ጥያቄ እንደ ጠላ አናቱ ላይ ወጣበት። መመለሻው ላይ ነፋሱ ከኋላ ነው፤ እርጅና የለም። አባይና ያዕቁብ ቀድመው ወጡ። ታምሬ፣ "ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ" ብሎ ሻዩን እየጠጣ ቀረ። አየነው አቀርቅሮ ነዳ። ከተማው ብቅ ሊል ሲቃረብ ታምሬ ከኋላው እየበረረ ሲመጣ ሰማው፤ ወዲያው ደግሞ ፍስስ የሚል ድምፅ፣ ከዚያም "ጎማ፣ ጋሼ፣ ጎማ" የሚል ጩኸት።

አየነው በትከሻው ላይ አሻግሮ አየ። ታምሬ አስፋልቱ ዳር ቆሞ እጁን ያወዛውዛል። አየነውም እጁን አወዛወዘለት። ልጁ ወጣት ነው፣ አለ ለራሱ። ከኋላ የሚመጣ ይረዳዋል። ከኋላ የሚመጣ ከግመሏ በቀር እንደሌለ ያውቃል። መንፊያውም እዚያው መጫኛው ላይ ሆኖ፣ አስፋልቱ በነቀነቀው ቁጥር ኳ ኳ እያለ ያስታውሰዋል። እሱ ግን ፔዳሉን ረገጠ፤ ነፋሱም አገዘው።

ሰፈር ሲደርስ ደወሉን ሳያቋርጥ እየደወለ ገባ። ውዴ እሳት የተነሳ መስሏት ወጣች።

"ደረስክ?" አለች እናኑ።

"ደረስኩ።"

"መጨረሻ?"

"ሦስተኛ" አለ አየነው፣ ወንበር እየሳበ። ዛሬ የሚያወራው ብዙ ነው፤ የክርኑን፣ የግመሏን፣ የኡምሰልማን ነገር አከታተለው። አሮጊቷ ግመሏ ጋ ስትደርስ ሳቀች። ውዴ ፉሉን አቀረበች። እናኑ እጇን ታጠበች፣ ቆረሰች፣ ከዚያ ቆም አለች።

"እንግዲያ ማን ነው መጨረሻ?"

"ታምሬ። ጎማ ተበሳበት።"

"ጠበቃችሁት?"

አየነው ውሃ ጠጣ። ጠጥቶ ሲጨርስ ጥያቄው እዚያው ነበር።

"መንፊያው ማን ዘንድ ነው?" አለች አሮጊቷ።

ሦስቱም ብስክሌቷን አዩ። መንፊያው መጫኛው ላይ ታስሮ ፀሐይ ይሞቃል።

እናኑ የቆረሰችውን መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው። "በቃኝ" አለች።

ውዴ ባሏን ወደ ደጅ ይዛው ወጣችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችው። እናኑ ከመንደሯ ስትወጣ ያለምወርቅ የምትባል ጎረቤት አብራት ነበረች፤ የጓንግን ወንዝ ሲሻገሩ ደክሟት ተቀመጠች፣ ሂዱ እደርሳለሁ አለች፣ ሰዉም ትደርሳለች ብሎ ሄደ፤ አልደረሰችም። አክስቷ ይህን የነገረቻት ትናንት ማታ ነው። አየነውም ብስክሌቷን አዙሮ ወጣ።

ቀትር ነው። ነፋሱ ዳግመኛ ከፊት ሆነ፣ የሚሰብርለት ሰውም የለም። አህያም የለም። አየነው ጥርሱን ነክሶ ነዳ። ከከተማው ከወጣ በኋላ ታምሬን አገኘው። ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ፣ ሸሚዙን በራሱ ላይ ጠምጥሞ ይመጣል።

"ጋሼ" አለ ታምሬ፣ "እኔ እኮ እጄን ያወዛወዝኩት ለሰላምታ አልነበረም።"

"አውቄያለሁ።"

"ታዲያ?"

"ሦስተኛ ልወጣ ነበር።"

ታምሬ ጥቂት አሰበበት። "ወጡ?"

"ወጣሁ።"

"እሰይ" አለና ብስክሌቱን ከትከሻው አወረደ። "ማሸነፍ ሲያምረኝ እኔንም እንዲሁ ያደርገኛል።"

አንዲት ግራር ሥር ተቀምጠው እሾሁን ነቀሉ። አየነው ማስቲሹን ቀባ፣ ታምሬ ልጣፊውን ተጫነ። ሲነፉ ተራ በተራ ነፉ፤ አየነው ሲደክመው ክርኑን ወዝወዝ አደረገ፣ ታምሬም ምንም ሳይል ተቀበለው።

ቤት ሲደርሱ ከደጃፉ ላይ ቆሙ።

"ይግቡ ጋሼ።"

"አንተ ግባ፣ እንግዳ ነህ።"

"እርስዎ እያሉማ አይሆንም።"

"ኧረ ግባ።"

"ሁለታችሁም ግቡ" አለች እናኑ ከውስጥ። "ፉሉ ሊደርቅ ነው።"

ተገፋፍተው ገቡ። አሮጊቷ ታምሬን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"አንተ ነህ ዛሬ መጨረሻ?"

"እኔ ነኝ እማማ።"

"ጠበቀህ?"

ታምሬ አየነውን አየ። አየነው ጣሪያውን አየ።

"ጋሼ አልጠበቁኝም" አለ ታምሬ። "ተመልሰው መጡ።"

እናኑ ይህን ነገር በአፏ ውስጥ እንደ ቆሎ አገላበጠችው። ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች፣ ለእንግዳውም ቦታ ለቀቀች።

"ውዴ" አለች ጎርሳ፣ "ዘይት ጨምሪበት። ባልሽ ዛሬ ባዶ እጁን አልመጣም።"